የሟቹ ጥሪ በካርታው ላይ

ሊቀመንበሩ የሞቱት ከመሬት አስራ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በአማተር ሬዲዮ ክበቡ ግቢ በቆመው የአንቴና ምሰሶ ጫፍ፣ የደህንነት ቀበቶው ወገባቸውን እንደያዘ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ተገኙ። ከታች ሆኖ ለሚያያቸው፣ ሥራ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ያሸለባቸው ሽማግሌ ይመስሉ ነበር። ለማውረድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲወርዱ በግራ አንጓቸው ዙሪያና መዳፋቸው ላይ ጠለቅ ያሉ ነጫጭ ቃጠሎዎች ታዩ። ሐኪሙ ኤሌክትሪክ ልባቸውን እንዳቆመው ጻፈ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ አንድ ፊውዝ ተገኘ።

ፊውዙ ነገሩን ያቀለለው መሰለ። በክበቡ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የማጉያውን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ማጉያው ከሬዲዮው የሚወጣውን ደካማ ኃይል አበርትቶ ወደ አንቴናው የሚልክ መሣሪያ ነው፤ ፊውዙ ከተነቀለ ተራ ሣጥን ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከሬዲዮ ክፍሉ ሊመጣ አይችልም ተባለ። የቀረው በያጁ ነበር። ያን ቀን የምሰሶውን እግር ሊጠግን መጥቶ ነበር፤ የብየዳ ማሽኑ ገመድም ምሰሶውን ቆንጥጦ እንደያዘ ተገኝቷል። ፖሊሶቹ ከቀትር በፊት ይዘውት ሄዱ፤ የሰፈሩም ሰው ጣቱን ቀሰረበት። ቆይ እስቲ ያለ ሰው አልነበረም።

«ቆይ እስቲ» የአንዲት ኢንስፔክተር ቅጽል ስም ነው። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሰው ሲቸኩል የምትረጋጋ፣ ሰው ሲረጋጋ ደግሞ የምትጠራጠር ሴት ነች። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ በዚህ ስም ያሟታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ግን አይከፋትም። በሦስተኛው ቀን ወደ ቢሮዋ ስትገባ ከመዝገቡ ቀድማ የሟች ልጅ ደርሳ አገኘቻት።

ልጅቷ የመድኃኒት ባለሙያ ነች፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። አላለቀሰችም። አባቷና በያጁ በዚያው ጠዋት መጨቃጨቃቸውን፣ ሰውየው ማሽኑን ሆን ብሎ እንደለቀቀባቸው ጥርሷን ነክሳ ተናገረች።

«አባቴ አፈር ለብሶ እሱ ምሳ ይመላለስለታል» አለች። «እኔ ፍርድ ብቻ አይደለም የምፈልገው። ሥራው ይዘጋ፣ ስሙ ይጥፋ፣ ልጆቹ የማን ልጆች ናችሁ ሲባሉ ይፈሩ። ያኔ ነው አንጀቴ የሚርሰው።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ ያደረገው?»

«ማንም ይሁን ማን። ብቻ ስሙን ይንገሩኝ።»

ኢንስፔክተሯ ይህችን ቃል እንዳለች ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረቻት።

በያጁ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ቀን በእስር አስር ዓመት ጨምሮለታል። በዚያ ጠዋት ሊቀመንበሩ ብየዳህ አያምርም፣ አልጋ መሰለህ እንዴ የምትበይደው ብለውት እንደነበር፣ እሱም መልሶ እንደተናገራቸው አልደበቀም። አራት ሰዓት አካባቢ የብየዳ ኤሌክትሮድ አልቆበት ማሽኑን አጠፋና ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ሄደ። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ላይ ሆነው አሮጌውን የአንቴና ሽቦ በአዲስ ይቀይሩ ነበር።

«ስመለስ ገና በሩ ጋ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ» አለ። «‹ይቅር በለኝ ልጄ› አሉ፣ ጮክ ብለው። ጠዋት ተቀያይመን ነበራ፣ እኔን መስሎኝ ‹ኧረ ምንም አይደል ጋሼ› አልኳቸው። ቀና ስል እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥና ያቆማል፣ ይንቀጠቀጥና ያቆማል። ሮጥኩ።»

«ቆይ እስቲ። ምሰሶውን ነክተሃል?»

«በሁለት እጄ ነዋ የያዝኩት። ልወጣ ነበር። ስይዘውም ገና ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ ጸጥ አሉ።»

«አንተን አልያዘህም?»

«ምንም። ይሄን ሁሉ ለነዚያ ፖሊሶች ብነግራቸው፣ በዳይ አንተ ሆነህ እሳቸው ለምን ይቅርታ ይጠይቁሃል ብለው ሳቁብኝ።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ልትወጣ ስትል በያጁ የሰባት ዓመት ልጁ አባትሽ ሰው ገደለ ተብላ ትምህርት ቤት እንደቀረች ነገራት። ምንም ቃል ሳትገባለት በሩን ዘጋች፤ ነገር ግን እስከ ክበቡ ድረስ የሄደችው በፈጣን እርምጃ ነበር።

ክበቡ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ያለው አሮጌ ቤት ነው። በአንድ በኩል የሬዲዮ ክፍሉ፣ በሌላው በኩል የጸሐፊዋ ቢሮ አለ። ግድግዳዎቹ ከላይ እስከ ታች በፖስትካርድ ተሸፍነዋል። ሁለት የሬዲዮ አፍቃሪዎች በአየር ላይ ሲገናኙ ለማስታወሻ ካርድ ይላላካሉ፤ ቀኑና ሰዓቱም ይጻፍበታል። ካርዶቹን ተቀብላ የምትመዘግብና መልስ የምትልከው ጸሐፊዋ ነች።

ጸሐፊዋ ስልሳ ሊሞላት የተቃረበች፣ ሽበቷን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነች። ኢንስፔክተሯን በአክብሮት ተቀብላ ወንበር ሳበችላት። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት «ቀጮ» የሚሉት ታናሽ ወንድሟ ከዚሁ ምሰሶ ወድቆ እንደሞተ፣ ያሳደገችውም እሷ እንደነበረች፣ ሊቀመንበሩም አዝነው ይህን ሥራ እንደሰጧት ራሷው አነሳችው። እንደ አባት ነበሩ አለች። በዚያ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የበያጁ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም፤ ፖስታ ላይ አድራሻ እየጻፈች፣ እንደ ልማዷ ኮምፒውተሯ ላይ ዘፈን እያዳመጠች ነበር። የተለየ ነገር አልሰማችም።

«ይሄ የሚንጫጫውስ ነገር አያስቸግርዎትም?» አለች ኢንስፔክተሯ። ከሬዲዮ ክፍሉ፣ ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክበት የሞርስ ጭር ጭርታ በግድግዳው አልፎ ይሰማል።

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማሁት፤ አንዱም አይገባኝ» አለች ጸሐፊዋ፤ ወዲያው ግን በፖስታው ላይ አጎንብሳ ፈገግ አለች።

ጥቂት ቆይቶ መምህሩ እየሳቀ ገባ። ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ወዳጁ ውሻዬ ማዳመጫዬን በላብኝ ብሎ በሞርስ እንደላከለት ነገራቸው። ኢንስፔክተሯ አብራ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ጸሐፊዋ ላይ ነበር።

መምህሩ ፊዚክስ ያስተምራል። የክበቡ ምክትል ሊቀመንበር ነው፤ በወንበሩ ጉዳይ ከሟች ጋር አራት ዓመት ሙሉ ተናክሷል፤ የቀጮም የልብ ጓደኛ ነበር። ከበያጁ ቀጥሎ ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ እንደሆነ ስላወቀ ሳይጠየቅ ላፕቶፑን ከፈተ። በስክሪኑ ላይ የዓለም ካርታ ወጣ፤ ካርታው ላይ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌለው ቀጫጭን መስመር።

እንደ ተማሪ ቆጥሮ ነገሩን አስረዳት። በየአገሩ ያሉ አፍቃሪዎች መቀበያቸውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ክፍት ይተዉታል። መቀበያው የሰማውን ሁሉ በራሱ ይጽፋል፤ ማን እንደላከ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ጎልቶ እንደተሰማ፣ በሞርስ ከሆነም በምን ፍጥነት። ያ ሁሉ አንድ ድረ ገጽ ላይ ተሰብስቦ በካርታው ላይ መስመር ይሆናል። የሬዲዮ ሞገድ ሰማይ ነክቶ ሲመለስ የት እንደሚወርድ ማንም አስቀድሞ በእርግጠኝነት ስለማያውቅ፣ አፍቃሪዎቹ ካርታው ላይ አፍጥጠው ይውላሉ።

«ሊቀመንበሩ በሞቱበት ሰዓት እኔ ቤቴ ሆኜ ምልክት እልክ ነበር። ይኸው መስመሮቼ፤ በየሁለት ደቂቃው» አለ።

«የላከው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ እርስዎ?»

መምህሩ ትንሽ ቀላ። ምልክቱን የሚልከው ኮምፒውተሩ ነው። ቆየት ብሎ ግን ጣቱን ሁለት ቦታ ላይ አሳረፈ። አራት ሰዓት ከአስራ ሁለት ላይ ሞገዱን ቀይሯል፤ ከአስራ ሰባት ላይ መልሶታል። ሬዲዮው ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ስለሆነ ሞገዱ የሚቀየረው በእጅ በሚዞር ማዞሪያ ብቻ ነው። ቤቱ ከክበቡ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዳ ማዞሪያውን በገዛ እጇ አዙራ አረጋግጣለች።

ለጊዜው ግን ከላፕቶፑ አልተነሳችም። የመምህሩን መስመሮች አጥፍቶ፣ በዚያች ሰዓት ከዚህ ከተማ የወጣውን ሁሉ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ካርታው ተራቆተ። አንዲት ነጥብ ቀረች፤ ክበቡ ራሱ ላይ። ከነጥቧ ሦስት መስመሮች ወጥተው አንዱ ውቅያኖስ መሐል ያለች ደሴት ላይ፣ አንዱ ሩቅ ወደብ ላይ፣ አንዱ በረዷማ አገር ላይ ወድቀዋል። ሰዓቱ አራት ከአስራ አራት። ሦስቱ ጣቢያዎች አንድ የጥሪ ምልክት ሦስት ሦስት ጊዜ ጽፈዋል።

«ይሄ ማነው?»

መምህሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። የሬዲዮ አፍቃሪ ሁሉ በአየር ላይ የሚታወቅበት የራሱ የጥሪ ምልክት አለው፤ አንዱ የአንዱን አይጠቀምም።

«የቀጮ ነው» አለ። «ምልክቱን በክበቡ አድራሻ ነበር ያስመዘገበው። ከሞተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው።»

ፍጥነቱ በደቂቃ ስምንት ቃል ይላል። የክበቡ ሰው ሃያና ሃያ አምስት ነው የሚልከው፤ ስምንት የጀማሪ ነው አላት። ስለ ቀጮ አሟሟትም ጠየቀችው። ቀጮ ምሰሶ ላይ እያለ ሊቀመንበሩ ወርዷል ብለው ማጉያውን ለሙከራ ከፈቱት፤ ኤሌክትሪኩ መታውና ወደቀ። ሊቀመንበሩ ለመርማሪዎች፣ ልጁ ፊውዙን ሳይነቅል ወጥቶ ነው አሉ፤ ጥፋቱም የሟቹ ተባለ።

«ቀጮ ግን ፊውዝ የሚረሳ ሰው አልነበረም» አለ መምህሩ። «ያን ጊዜ ብናገረው ማን ይሰማኛል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ኢንስፔክተሯ የቀረውን ጊዜ በሬዲዮ ክፍሉ አሳለፈች። ከመስኮቱ ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ይታያል። የማጉያው ማራገቢያ ሲከፈት ክፍሉን በጩኸት ይሞላዋል። በሩ ላይ በጸሐፊዋ የእጅ ጽሑፍ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ «ከመላካችሁ በፊት ንገሩኝ፤ ዘፈኔን ላጥፋ» ትላለች። ከሬዲዮው በላይ አንድ ካርድ ብቻ በመስታወት ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ሃያ ዓመት ያሳደዱት፣ ሰው ከማይኖርባት ደሴት ለጥቂት ቀን ብቻ ምልክት ሲላክ ያገኙት እንደሆነ ለመጣ ለሄደው ይናገሩ ነበር። ካርዱ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ጻፈች። ከዚያም የክበቡን ቃለ ጉባኤ አስወጥታ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ያሉትን ገጾች አነበበች። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በጸሐፊዋ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። በያጁ እጁ በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ። የሟች ልጅ ሲገባ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መምህሩ በሩ አጠገብ ቆመ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች፤ ዘፈኗ ዝግ ብሎ እየተሰማ ነው። ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ኢንስፔክተሯ «ይተዉት እትዬ፣ ይሰማ» ብላ ከለከለቻት።

«በያጁን እናስቀድም» አለች። «ኤሌክትሪኩ በምሰሶው ከወጣ፣ ምሰሶውን በሁለት እጁ የያዘው እሱ ለምን አልተነካም? ጋሼስ ምሰሶውን ያቀፉት በጉልበታቸውና በደረታቸው ነው፤ የተቃጠሉት ግን አንጓቸው ላይ ነው። አንጓቸው ላይ የነበረው ምንድን ነው?»

«የአንቴናው ሽቦ» አለ መምህሩ። «ስንቀይር እንዳያመልጠን እንጠመጥመዋለን።»

«ሽቦው ደግሞ ምሰሶውን አይነካም፤ በፕላስቲክ ተለይቶ ነው የታሰረው። ሽቦው የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ።»

የሟች ልጅ ዞረች። «ፊውዙ ኪሱ ውስጥ ነበር» አለች።

«አንድ ፊውዝ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሌላ ፊውዝ ግን ማጉያው ውስጥ ገብቷል። ይሄን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እኛን የማያውቁን፣ አባትሽንም የማያውቁ ሦስት ጣቢያዎች ናቸው፤ ያለ ማጉያው እዚያ ድረስ ያን ያህል ጎልቶ አይሰማም።» ላፕቶፑን ወደ ልጅቷ አዞረችና ሦስቱን መስመሮች አሳየቻት። ምልክቱ የማን እንደሆነም ነገረቻት።

ልጅቷ መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው።

«ታዲያ ሁለተኛው ፊውዝ ከየት መጣ? በዚህ ቤት መለዋወጫ ፊውዝ እንዳይቀመጥ ደንብ አለ። ደንቡን ያወጡት አባትሽ ናቸው፤ ቀጮ በተቀበረ በሳምንቱ። ቆይ እስቲ አልኩ። ምሰሶ ላይ የወጣው ሰው ፊውዙን ረስቶ ከሞተ፣ ደንቡ የሚደነገገው ምሰሶ ላይ ስለሚወጡ ሰዎች ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ኪሳችሁን አሳዩ ይባላል። አባትሽ ግን የከለከሉት መለዋወጫውን ነው። ያን ቀን የገደለው መለዋወጫ እንደሆነ ካላወቁ ይህ ደንብ እንዴት ታሰባቸው?»

«ለምን እንዲህ ያደርጋል?» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«መስታወት ውስጥ ያለውን ካርድ እይው። እዚህ ላይ የሚጻፈው የዓለም ሰዓት ነው፤ ማንም ልብ ያላለው ለዚህ ነው። ወደኛ ሰዓት ሲመለስ ቀጮ በወደቀበት ቀን፣ ከመውደቁ አንድ ደቂቃ በፊት ነው። ሃያ ዓመት የፈለጓት ደሴት መጣች፤ ልጁ እስኪወርድ አልጠበቁም። መለዋወጫውን ፊውዝ ማጉያው ውስጥ ከተው ላኩ። ማጉያ ሞከርኩ ያሉት ውሸት ነው። ኋላም ጥፋቱን በሟቹ ላይ አደረጉት።»

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ኢንስፔክተሯ አንድ ፊውዝ ሰጠችውና ማዶ ክፍል ገብቶ ማንኛውንም ነገር እንዲልክ ጠየቀችው። ሄደ። የማራገቢያው ጩኸት በሩቁ ተሰማ። ወዲያው በጸሐፊዋ ስፒከር ውስጥ ያለው ዘፈን ተቆራርጦ እንደ ፍየል መጮህ ጀመረ፤ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። ሁሉም ወደ ስፒከሩ ዞሩ።

«እትዬ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ጩኸቱ ሲያቆም። «ማጉያው ሲልክ ሞገዱ ስፒከርዎ ውስጥ ይገባል፤ በሩ ላይ ወረቀቱን የለጠፉት ለዚህ ነው። ጋሼ በሞቱ ሰዓት እዚህ ተቀምጠው ዘፈን እየሰሙ ከነበረ፣ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ይሄ ጩኸት ጆሮዎ ላይ ነበር። የተለየ ነገር አልሰማሁም ነው ያሉኝ። እዚህ አልነበሩም። መምህሩም ቤታቸው ሆነው ማዞሪያ ያዞሩ ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረ ሌላ ሰው የለም።»

«እሷ ሞርስ አታውቅም» አለ ተመልሶ በሩ ላይ የቆመው መምህሩ።

«የውሻውን ቀልድ ከእኛ ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው።»

ጸሐፊዋ አልካደችም። መሳቢያዋን ዘግታ ቦርሳዋን አነሳች፤ ከውስጡም ጫፍና ጫፉ የዛገ አሮጌ የመስታወት ፊውዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የወንድሜን ልብስ ከሆስፒታል የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ፌስታሉን አስር ዓመት ሳልከፍት አስቀመጥኩት። አልቻልኩም። አምና ቤት ስቀይር ከፈትኩት። ሱሪው ኪስ ውስጥ ይሄ ነበረ። ወንድሜ አልረሳም።»

«ለምን ወደኛ አላመጡትም?»

«ዓመት ሙሉ ጠበቅኳቸው። አንድ ቃል ብቻ ነው የፈለግኩት፤ አጠፋሁ እንዲሉኝ። በየሙት ዓመቱ ‹ምስኪን፣ ያን ፊውዝ ባይረሳ› ይሉኛል፤ ዘንድሮም አሉኝ። ሲሉኝ ፊውዙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ ሽቦውን አንጓቸው ላይ ሲጠመጥሙ በመስኮት አየሁ። በያጁ ወጣ። ሌላ ቀን እንደዚያ አይገኝም፤ ይሄንኑ ፊውዝ ማጉያው ውስጥ ከትቼ ላክሁ፣ ኋላም ነቀልኩት።»

«በደቂቃ ስምንት ቃል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ልክ እንደ ጀማሪ። ከሁሉ ያሳሰበኝ ያ ዝግታ ነው።»

«እንዲያነቡት ነዋ።» የጸሐፊዋ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ቀጮ ልጅ ሆኖ ሲያስተምረኝ ዓይኔን አስጨፍኖ መዳፌ ላይ ነበር የሚመታልኝ። ሞርስ በእጅም ይነበባል። አርባ ዓመት የላኩ ሰው ናቸው። ማን እንደጠራቸው ሳያውቁ እንዲሞቱ አልፈለግኩም።»

በያጁ በታሰረ እጁ አፉን ያዘ። የሟች ልጅ ፊውዙን እያየች ቀረች። ማንም ይሁን ማን ስሙን ንገሩኝ ያለችው ራሷ ናት፤ ሁለት ስም ተነገራት፤ አንደኛው የአባቷ ነው። አንጀቷ ምንም አልራሰም።

«ካርታው በእጅ የተላከውንም ያዳምጣል?» ብላ ጠየቀች ጸሐፊዋ።

«ያዳምጣል» አለ መምህሩ።

«እኔ የላክሁት ለእሳቸው ብቻ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ፖሊሱን የበያጁን ካቴና እንዲፈታ አዘዘችው። ካቴናው እስኪፈታ ድረስ ዓይኗን ከጸሐፊዋ ላይ አላነሳችም፤ ንዴቷም በፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«በደል ደርሶብዎታል፤ ይገባኛል» አለች። «ይሄ ልጅ ግን ምን አደረገዎት? አራት ቀን ሲታሰር እርስዎ እዚህ አድራሻ ይጽፉ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርታለች።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ ፖስታዎቹ መለሰች።

«አንድ ነገር ደግሞ ላንብብልዎት። የበያጁ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ቀን የሰጠው። ማንም አላመነውም።» ማስታወሻዋን ገለጠች፤ መነጽሯን አደረገች። «‹በሩ ጋ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ። ይቅር በለኝ ልጄ አሉ፣ ጮክ ብለው። እኔን መስሎኝ ምንም አይደል ጋሼ አልኳቸው።›»

ይህን ያነበበችው ለምሕረት ይሁን ለቅጣት ራሷም ኋላ ላይ አላወቀችውም።

ጸሐፊዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። ያን ቀን በማዶ ክፍል መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ማራገቢያውም ይጮህ ነበር። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ሲነገር እጇ የሞርሱ መምቻ ላይ ነበረ።

«ከዚያስ?» አለችው በያጁን። «ይቅር በለኝ ካሉ በኋላ መንቀጥቀጣቸው አቆመ?»

በያጁ ወደ ኢንስፔክተሯ አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት። «አላቆመም እትዬ» አለ። «ከበሩ እስከ ምሰሶው ሮጬ ስደርስም ይንቀጠቀጡ ነበር።»

ካርታው ላይ ምልክቱ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ሲያስነሳት ፊውዙን አልነካችም፤ ቦርሳዋንም ረሳችው። በኮሪደሩ፣ በካርዶቹ መሐል ስትሄድ ወደ ኋላ እየዞረች በያጁን ደጋግማ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ስንተኛው ጥሪ ላይ ነው ይቅር በለኝ ያሉት? የመጀመሪያው ላይ ነው?»

በያጁ ሞርስ አያውቅም።